መልስ

ሳልሚያ፣ ሰባተኛ ፎቅ። ኤሲው ያንጠባጥባል፤
ከሥሩ ያኖርኩት ባልዲ ወገቡ ድረስ ሞልቷል።
ሉልዋ ነገ በጠዋት ፈተና አለባት፤
ሃያ የእንግሊዝኛ ቃል ከነሥሩ፤ እኔ ነኝ የማስጠናት።
አሥረኛን መጨረሴን ማዳም የሰማች ለታ፣
በደሞዜ ፈንታ ሥራ ጨመረችብኝ ለማታ።

አሥራ አራተኛው ካርድ፦ ስፖንሰር። ሳቄ መጣ።
«ይሄንስ አውቀዋለሁ፤ አባትሽ ነው» ብላት፣
አልጋው ላይ እየዘለለች «ላቲን ነው!» አለች በቁጣ፤
«ቃል መግባት ማለት ነው። ሮማዊ ሮማዊን
'ቃል ትገባለህ?' ካለው፣
ያኛው 'እገባለሁ' ካለ፣ በቃ፣ ታሰረ፤ ዋስ ነው።»

ካርዱን ገለበጥኩት። የቃሉ ዘመዶች በጀርባው፣
ለቅሶ ቤት እንደ መጣ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠው፦
የትዳር ጓደኛ። ኃላፊነት። መልስ።
ከሁሉም በታች በደቃቁ፦ «ቀድሞ፣ ሕፃን ሲጠመቅ
ስለ እርሱ ቆሞ የሚመልስ።»

እትዬ ጠጂቱ! የክርስትና እናቴ፣
አቅፋኝ በሰማንያ ቀኔ፣ ሳይፈታ አንደበቴ፣
ወደ ምዕራብ ዞራ «እክደዋለሁ»፣ ወደ ምሥራቅ «አምናለሁ»
ያለችልኝ። በእሷ አፍ እስከ ዛሬ አለሁ።

ኋላ ደግሞ ደላላው ክርስትና አነሳኝ፣
ያለ ቄስ፣ ያለ ውሃ፤ ፓስፖርቱ ላይ «ሀያት» አለኝ።
ማተቤን ቦሌ መጸዳጃ ቤት በጥርሴ በጠስኩ፤
ሀያት ሆኜ በረርኩ፣ ሀያት ሆኜ ደረስኩ።

እዚህ «ከፊል» ይሉታል፣ ስለ እኔ የሚመልሰውን።
መጀመሪያ የኛ ቃል መስሎኝ ነበር፦ ግማሽ።
ግማሼ የእሱ፣ ግማሼ የኔ።
የቱ የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ጊዜው ነጉዷል፤
ሦስት ዓመት ከአራት ወር። ውሉ ሁለት ይላል።
ፓስፖርቴ ዲዋኒያው ውስጥ፣ በብረት መሳቢያ ተቆልፏል።

በኛ ቋንቋ መልስ ብዙ ነው። የፈተና አለ።
የሱቅ አለ፣ መዳፍ ላይ የሚቆጠር ሳንቲም።
ሙሽራ ወደ እናቷ ቤት የምትሄድበት ቀን አለ፤ እኔ አላየሁትም።
«መልስልኝ» የሚባልም አለ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ፤
ስንቴ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ የተመለሰ ደግሞ።

«አሁን ተራው የኔ ነው!» ሉልዋ ካርዱን ቀማችኝ፤
እንደ ሮማዊ ደረቷን ነፍታ፣ ቁልቁል አየችኝ።
«ሀያት፣ ቃል ትገቢያለሽ?»
«ምን ብዬ?»
«ሳትነግሪኝ እንዳትሄጂ።»

ባልዲው ጢም ብሏል፤ ልድፋው ብዬ ተነሣሁ።
ስመለስ እንቅልፍ ወስዷታል፤
ካርዱ ከነጥያቄው በእጇ።