የአንድ ቦይ ሰዎች

መጋቢት ነው ወሩ፤ ዊልትሸር ዘንቧል፤
የክፍሉ መስኮት በትንፋሽ ደብዝዟል።
ሚስ ሆስኪንስ ከኪሷ ጠመኔ አውጥታ
«ራይቫል» ብላ ጻፈች፣ ሰሌዳውን ሞልታ።

«ምን ማለት ነው?» አለች።
«ባላንጣ!» «ተፎካካሪ!»
«ቡጢ ነው!» አለ አንዱ፣ የኋላ ወንበር ነዋሪ።

«ልክ ነው፣ ዛሬማ። ቀድሞ ግን፣ በላቲን፣
ሪቩስ ነበር ሥሩ፤ ጅረት ማለት፣ ቀጭን።
ሪቫሊስ ያ ሰው ነው፣ ማሳው ተጎራብቶ
ከጎረቤቱ ጋር አንድ ቦይ ተጋርቶ፣
ዛሬ ያንተ ተራ፣ ነገ የኔ ብሎ
ሌሊት የሚነሣ ፋኖስ አንጠልጥሎ።»

በእኛ አፍ ቢመለስ ውሃ አጣጭ ይሆናል።
ያው አንድ ጥም፣ እኛ ጋ ይዳራል፣
እዚያ ይካሰሳል።

ቤሪል እጇን አወጣች፦ «ሪቨርሳ፣ ወንዙ?
የዚያ የሪቩስ ልጅ አይደል እንዴ ወዙ?»
«መልኩ ነው» አለቻት። «እሱ ከዳርቻ፣
ከሪፓ ተወልዷል፤ መመሳሰል ብቻ።»

ኮሊን ዝም ብሏል፤ እጁን አላወጣ።
አያቱን ያውቀዋል በውሃ ሲቆጣ።
አምብሮዝ ፒኒ ነው ስሙ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ከማዶው ከጄትሮ ጋር ኖረዋል ሲጣሉ።
ጠባቸው ከኖራው ኮረብታ ሥር ፈልቆ
በሚመጣ ውሃ ነው፤
ጠጠሩ የሚቆጠር፣ አጥንት የሚበርድ ዘልቆ።
አንዱ የከፈተውን የእንጨት መዝጊያ ሳንቃ
ሌላው ይዘጋዋል፣ ሌሊት እየነቃ።

ሰላምታ የላቸውም። ግን ጄትሮን ሲያስለው
በጭጋጉ መሐል፣ አምብሮዝ ነው የሚሰማው።
ሚስቱ በሞተች ዕለት፣ መብራት እንደበራ
እንዳደረ ያውቃል፤
ለማንም አላወራ።

ጄትሮ ጥር ላይ ሞተ።
ልጆቹ ለንደን ናቸው፤ ሜዳው ባለቤት አጣ፤
ውሃው ሙሉ በሙሉ ለአምብሮዝ መጣ።
ሙሉ ቦይ፣ ሙሉ ሌሊት፣ የሚጠይቅ የለ፤
ሣሩ እስኪበሰብስ ጠጣ፣ ዋኘ፣ ዋለ።

ኮሊን ትናንት ሌሊት ያየው፣ በመስኮቱ፦
ፋኖስ ይዞ ወጣ፣ በቦት ጫማው፣ አያቱ፤
ሳንቃውን ጨበጠ፤ እስከ ግማሽ ዘጋ፤
ቀሪውን ለቀቀው ወደ ጄትሮ ሜዳ፤
አንድ ሰው እስኪስል ጠበቀ፣ እስኪነጋ።

«ኮሊን» አለች ሚስ ሆስኪንስ፣ «ና፣ ዓረፍተ ነገር ሥራበት።»
ልጁ ጻፈ፤ አጠፋ፤
ጠመኔው ተሰበረበት።