ታሪክ የለሽም

«ታሪክ የለሽም» አለኝ፤ አልጨመረም ሌላ፣
ክራቫቱን ነካ ከመስታወት ኋላ።
ለፍሪጅ ነበረ ብድር መጠየቄ፣
ቆሮሶው እንዳይሸት የወጣው ከሐይቄ።

ታሪክ የለሽም?
ደሴቱ ብራና፣ ገዳሙ ድርሳን ነው፤
እዚህ ውኃ ዳር ላይ ታሪክ ያጣው ማነው?
አንጀት ያስለመድሁት ሻላ እንኳ ያውቀኛል፣
ጎህ ሳይቀድ ደንገሉ ጥግ ቆሞ ይጠብቀኛል።
ሃያ ሁለት ዓመት ቅርፊት ስፍቅ ቆሜ፣
አንድ መስመር ታጣ ስክሪን ላይ በስሜ።

የዕድሩን፣ የዕቁቡን፣ የአንለይን ሱቅ ዱቤ፣
መች አዛንፌ አውቃለሁ? ከጉርሴ ቆጥቤ፣
የሽምብጥን ጭቃ በሐምሌ እየረገጥሁ፣
ሳንቲም ሳላጎድል ለባለቤቱ መለስሁ።
ግን የአንለይ ደብተር ልማዱ ሌላ ነው፤
ስበደር ይጽፋል፣ ስከፍል ሰረዝ ነው።
ባጭር እርሳሱ ጫር! አርጎኝ ያልፋል፤
ታማኝ ሰው እሱ ዘንድ ገጽ ላይ ይጠፋል።

ተነሥቼ ልሄድ ስል፣ ልጁ ቀና አለና፣
እንደ ማፈር ብሎ ድምፁን ዝቅ አረገና፣
«የዱቤ ካርድ አለን፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣
ከሁለት ሺ ብር ፈቀቅ ያላለ።
ሳሙና ግዢበት፣ ጨው፣ ዘይት፣ ክብሪት፤
ከሲሶው አትለፊ፣ ሁሉን አትንኪበት።
ቀኑ ሳይደርስ ክፈይ። ስትከፍይ ይጻፋል፤
ክር በክር እያለ ታሪክ ይጠለፋል።»

ሳቄ መጣ።
ለሳሙና ብዬ ከባንክ ልበደር?
ኪሴ ውስጥ ብር እያለ ዕዳ ልደረድር?
ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ማን ቀጥ ብሎ ይገባል?
ጎንበስ አልሁ፤ ፈረምሁ።
(ጣቴ ዓሣ ይሸታል።)

የመጀመሪያው ዕለት፣ አንድ ፍሬ ሳሙና።
ማሽኑ «ጢጥ» ሲል ደነገጥሁ፣ ሌባ የተያዘ መሰለኝና።
በማግሥቱ ዘይት፣ ከዚያ ወዲያ ጨው፤
ልክ ያንኑ ብር በጣሳ ሸሸግሁት፣ እንዳይነካው ሰው።
ሃያ አምስት ቀን ሲሞላ ጣሳውን ገልብጬ፣
ከፈልሁ፤ ተመለስሁ። ደግሞ ዓሣ ሸጬ።

መስከረም ሲጠባ ፈተናው ከበደ፤
የታዘብ ዩኒፎርም ጉልበቱ ጋ ተቀደደ።
ጥሩዓለም ጎረቤቴ፣ «ምን ያስጨንቅሻል?
ያንቺው ነው፣ ግፊበት! ማን ይከለክልሻል?»
የኔ አይደለም፣ አልኋት። የወር እንግዳ ነው፤
እንግዳ ከነልብሱ ነው የሚሸኘው።
ጉልበቱን ጣፍሁለት በሰማያዊ ክር፤
ልጄ አኮረፈኝ፣ ሳምንት ሳይናገር።

በአሥራ አንደኛው ወር፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ከዘጌ በኩል፣
ስልኬ ነዘረ፦ «ጣሪያዎ ከፍ ብሏል፤ አምስት ሺ ገብቷል።»
ቀና ብዬ አየሁ።
ቆርቆሮዬ ያው ነው፤ ያንጠባጥባል።
ባልዲ አስጠጋሁና ብቻዬን ሳቅሁ፤
ታሪክ ያለኝ ሰው ሆንሁ፣ ሳሙና እየገዛሁ።

ፍሪጁስ?
ገና ነው። ልጁ «ስድስት ወር» ብሏል።
ቀትር ያለፈበት ቆሮሶ ዛሬም ይገማል።

ትናንት ግን ሲመሽ፣ በደጁ ሳልፍ አንለይ አየኝ፤
«ትሁኔ፣ ታመሽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።
ደብተሩን ገለጠ፤ ስሜ ላይ ሲደርስ ቆመ፤
ከሰረዙ በታች ባዶ ገጽ ተጋድመ።
ባንክ ቤት ስጻፍ ጊዜ፣ እዚህ ቤት ጠፋሁ።

ግማሽ ኪሎ ጨው ስጠኝ፣ አልሁት፣ በዱቤ።
ካርዱም ብሩም አለ፤ ከነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ።
«ጻፍ እንጂ» አልሁት።
እርሳሱን ምራቁን አስነክቶ ጻፈ።

ነገ እመጣለሁ፣
እንዲሰርዘኝ።