ረቂቅ

ሐምሌ ነው፤ ጅማ ላይ ቆርቆሮው ይጮሃል፣
አዌቱ ደፍርሶ ድልድዩን ይገፋል።
ሂርማታ፣ የእንጨት ሠሪዎች ማኅበር ቢሮ ውስጥ፣
መብራት ሳይሄድብኝ ልጨርስ ስሯሯጥ፣
«የእንጨት ዕቃ» ብዬ አንድ ክላስ ጻፍኩኝ፤
ከሥሩ «የእግር ብዛት» የሚል አኖርኩኝ።
ቁጥር አልሰጠሁትም። ምን ብዬ ልስጠው?
በርጩማው፣ አልጋው፣ ሁሉም የየራሱ ነው።
ከላዩ ማብራሪያ አንድ ቃል ጻፍኩና፦
«ረቂቅ»።
ኮምፒውተሬን ዘጋሁ፣ ሥራው አለቀና።

ሙና ናት ወራሿ፤ የበርጩማን ክላስ
እሷ ልትጽፍ ነበር፣ ከእኔ ክላስ ልትወርስ።
ሰኞ ሄደ። ማክሰኞም። ረቡዕ ላይ ደግሞ
የሠላሳ በርጩማ ትእዛዝ ደጅ ቆሞ፣
ማሽኑ «አልፈጥርም» ይላል፤ «አንድ ነገር ጎድሏል»።
«ሙና፣ እግሩስ?» አልኳት።
«የአንተ መስሎኝ ቀርቷል፤»
አለች፣ በሻሿ ጫፍ መነጽሯን ስትጠርግ።
«ረቂቅ ብለሃል። ረቂቅ ደግሞ ያው
ጀምረህ የተውከው፣ ገና የምታርመው።
እስክትጨርሰው ነው እኔ የጠበቅሁት።»

ምን ልበል? ልክ ናት።
አንድ ቃል በእኛ ቤት ሁለት ሸክም ያዝላል፦
ያላለቀ ጽሑፍም ረቂቅ ይባላል፣
እጅ የማይነካው፣ መልክ የሌለው ሐሳብም።
እኔ ይህን ሳስብ እሷ ያንን ያዘች።

አባ ዲጋ ሱቅ ወረድኩ። የዋንዛ ግንድ አጋድሞ
መጥረቢያውን ይሞርዳል።
«ይሄ ስንት እግር ይወጣዋል?»
«ምን ልታደርገው ነው?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
«በርጩማ ከሆነ ሦስት፤ መሬቱ ቢጎረብጥም
ሦስት እግር አይወዛወዝም።
አልጋ ከሆነ አራት።
ሳትነግረኝ አልቆርጥም።»

አልቆርጥም።
ተመልሼ ገባሁ፤ ያችን ቃል ሰረዝኩ፣
በምትኳ፣ በቀስታ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ይህ ባህርይ ባዶ የሆነው ተረስቶ አይደለም፤
እዚህ ዋጋ የለውም፣ ወደፊትም አይኖረውም።
የሚወርሰው ክላስ ቁጥሩን ይናገር፤
ካልተናገረ ግን ዕቃው አይፈጠር።
ከውጭ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም።
ቁጥሩ ሙሉ ይሁን፣ ከዜሮም ይብለጥ።»

ሙና አነበበችው፤ ሦስት ብላ ሞላች።
የሠላሳው በርጩማ ደረሰኝ ታተመ።
ሻይ ልጠጣ ስነሳ ጠራችኝ፦
«ሙቀጫስ?»
«ምን ሆነ?»
«እግር የለውም እኮ።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ፋይሉን ከፈትኩት፤
«ከዜሮም ይብለጥ» ያልኩትን አጠፋሁት፤
ከሥሩ ጨመርኩ፦ «ዜሮም መልስ ነው።
ዝም ማለት ግን አይደለም።»

መብራት ሄደ።
አስቀምጬው ይሆን?