ይኼን አትፋቀው

ወለል ፋቂ ነኝ እኔ፣ ኑሮዬ ከእንጨት ነው፤
የሰዎችን ጓዳ በጉልበቴ ነው የማውቀው።

ኦሃዮ፣ ኬተርቪል፣ ከሐዲዱ ማዶ
አንድ የጥድ ወለል አየሁ፣ ጥቁር መስመር ወርዶ
ከምድጃው ጥግ እስከ በሩ፣ እንደ ጅራፍ ሰንበር።
የፈሰሰ ዘይት መስሎኝ ማሽኔን ላስነሣ ስል ነበር፤
ኢርማ ሽሮየር ምርኩዟን መስመሩ ላይ አሳረፈች፤
«ሌላውን ፋቀው። ይኼን አትፋቀው፣ አባቴ ነው» አለች።

በሃያ አራት ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ
አንድ የበቆሎ ማሳ በገንዘብ ተታሎ
የመኪና መሮጫ ሆነ፤ አንድ ማይል ከሩብ፣ ሞላላ፣
አስፋልት የለው፣ ድንጋይ የለው፣ ጣውላ በጣውላ፣
በጠርዙ እያቆሙ፣ ምስማሩን ከበርሜል እያፈሰሱ፣
ሁለት መቶ አናጢዎች በአንድ በጋ ጨረሱ።
ኩርባው እንደ ገበቴ ከንፈር ሽቅብ ቆመ፤
በእግሬ ልውጣው ያለ ሁሉ በእንብርክኩ ደከመ።
የዘገየ መኪና ተንሸራቶ ይወድቃል፣
የፈጠነ ብቻ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል።

ላይል፣ አባቷ፣ ዐሥራ አራት ዓመቱ፤
መዶሻ አስይዘውታል፣ ከጣውላው ሥር ነው ቤቱ።
መኪና ባለፈ ቁጥር ጣራው እንደ ነጎድጓድ ያገሣል፣
ትኩስ ዘይት፣ ስንጥር፣ አቧራ አናቱ ላይ ይፈሳል።
ውድድር ለአንድ ቀዳዳ አይቆምም፤ እሱ ነው የሚሮጠው፣
ምስማሩን በጥርሱ ነክሶ፣ ከሥር ሆኖ የሚጠግነው።

አንድ እሑድ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ቀዳዳው ሰፋ።
ልጅ ነውና ራሱን ብቅ አደረገ፤ ቆቡ በነፋስ ጠፋ።
ማታ ጋራዥ ውስጥ ክላይድ ሃርገር እየማለ ተናገረ፦
«እንጨቱ ዐይን አወጣ! አይቶኝ ተሰወረ!»
ሳቁበት።
ላይል ጥግ ላይ ነበር፤ እሱም ሳቀ።

በሦስተኛው ዓመት፣ መስከረም፣ ያው ኩርባ ሃርገርን ነጠቀ።
ጣውላው ተገነጠለ፣ ክንድ የሚያህል ስንጥር፤
የጎማው ጩኸት ብቻ እንጨቱ ላይ ቀረ፣ ጥቁር።
ያን ጣውላ ከሥር የመታው ማን እንደሆነ
ኢርማ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያማ በረዶ ገባው፣ ፀሐይ ሰነጠቀው፤
ጥድ ጥድ ነው፣ ከአራት ክረምት በላይ አያውቀው።
ባለአክሲዮኑ ሸሸ፣ ዕዳው ብቻ ቀረ፣
ጣውላው ለጨረታ እንደ ሬሳ ተደረደረ።
አንዱ ለአሳማ ጉረኖ፣ አንዱ ለማገዶ አጋዘ፤
ላይል ከሦስተኛው ኩርባ አርባ ጣውላ ቆጥሮ፣ ደመወዙን ሰጥቶ ያዘ።

ማሳው ተመልሶ ማሳ ሆኗል። በድርቅ ዓመት ግን፣ አለችኝ፣
በቆሎው ሞላላ መስመር ይዞ ይገረጣል። በመስኮት አሳየችኝ፤
እኔ የታየኝ ዝናብ ነው።

ሌላውን ፋቅሁ። ያንን አለፍኩት።
ማታ ዕቃዬን ስሰበስብ አንድ ሳንቲም ከኪሴ ወደቀ።
ወለሉ ደልዳላ ነው፣ በውሃ ልክ ለክቼዋለሁ፤
ሳንቲሙ ግን በጠርዙ ቆሞ፣ መስመሩ ላይ ደርሶ፣
ወደ ግራ ታጠፈ።