አራት ሰከንድ

አንገቴ ላይ ካርድ አለ፣ ፎቶዬ ያፈጠጠበት፣
ከስሜ ሥር በቀይ ቀለም «ተለማማጅ» የተጻፈበት።
በሽተኛ ሲገባ እገለብጠዋለሁ፤ ጀርባው ነጭ ነው፣ ባዶ፤
ሰው ሕመሙን ተሸክሞ መጥቶ፣ በጀማሪ እንዳይሄድ ተናዶ።

አሥራ አንድ ዓመት ኒውሊን ወደብ፣ ዓሣ ሚዛን ላይ ቆሜ፣
ጣቴ በበረዶ ደንዝዞ፣ ሌሊት በመጽሐፍ ከርሜ፣
አሁን ገና፣ በአርባ ዓመቴ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፤
አራት ቀን የክሊኒክ ሠራተኛ፣ አንድ ቀን የኤክሰተር ባቡር ተሳፋሪ።
ትምህርቱን አሠሪዬ ይከፍላል፤ ደመወዜም ይበቃል ለኪራይ፤
እናቴ ግን ትስቃለች፦ «ለመስማት ደግሞ ዲግሪ ወይ?»

ሚዛን ለምጄ ነው መሰል፣ ቅጹን ወድጄው ነበር፤
ዘጠኝ ጥያቄ፣ ከዜሮ እስከ ሦስት፣ ኀዘን በነጥብ ሲቆጠር።
ዓሣ ግን ሚዛን ላይ ሲወጣ ሞቷል፤
ሰው ሲመዘን ይንቀሳቀሳል።

አለቃዬ ዶክተር ታምብሊን፣ ሹራቧ ክርኑ የተጣፈ፣
ሐሙስ ሐሙስ ቀረጻዬን ትሰማለች፤ አንድ ትንፋሽ አያመልጣትም ያለፈ።
«እዚህ ጋ አቁሚው» ትለኛለች። «ስንት ሰከንድ ጠበቅሽ?»
አራት።
«በአራት ሰከንድ ምን ይወለዳል? ምጡ ሳያልቅ ለምን ጎተትሽ?
ዝምታው ያንቺ አይደለም፤ የእሱ ነው፤ አትንጠቂው።»
የወረቀቱ ዳር ላይ በእርሳስ ጻፈችልኝ፦ ጠብቂው።

ተለማመድኩ። ባቡሩ የታማርን ድልድይ ሲሻገር፣
ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኩ፣ ከወንዙ ዳር እስከ ዳር።
ሱቅ ተሰልፌ፣ ጥርሴን ስቦርሽ፣ ልጄ ስታኮርፍ ማታ፣
አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ... ጎበዝ ሆንኩ በዝምታ።
ሙያ በልብ ነው አልኩ።

ከዚያ ዴንዝል መጣ።

ሥልሳ ሁለት ዓመቱ። ኮፍያው ጉልበቱ ላይ፣
መዳፉ በገመድ የተቃጠለ፣ ዓይኑ በሩን ብቻ የሚያይ።
«እንቅልፍ» አለ። አንድ ቃል። ሌላ አልጨመረ።
እንደ ተማርኩት ጠበቅሁ። ሰዓቱ ቆጠረ።
አሥር። ሃያ።
ጆሮው ሥር ላብ ወረደ፤ ጣቶቹ ኮፍያውን ጨመቁ፤
እኔ ሆዬ ኮራሁ በራሴ፤ «መጣ» አልኩ፣ «እንባው፣ ሐቁ።»
አርባ ላይ ተነሣ። ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋው።

ያን ሐሙስ ዶክተር ታምብሊን ደጋግማ ሰማችው።
አልተቆጣችም። እርሳሷን አስቀመጠችው።
«ዝምታ ለእሱ ምን እንደሆነ ጠየቅሽው?»
አልጠየቅሁትም።

በሳምንቱ ተመለሰ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።
ጠየቅሁት። ወለሉን እያየ መለሰ፦
ማታ ማታ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ሰክቶ፣
አልጋው ሥር እያስጮኸ ነው የሚያንቀላፋው፤
ሚስቱ ሌላ ክፍል፣ ትራስ በጆሮዋ ላይ።
«ማዕበሉ አይደለም» አለ። «ማዕበል ይጮሃል፤ ጩኸት ሰው ይችላል።
ሞተሩ ሲጠፋ ነው። ሁሉም ነገር ያኔ ይሰማል።
ኬንቨር ከውኃው ሦስት ጊዜ ጠራኝ።
ከዚያ አልጠራኝም።»

ምንም የተማርኩት ነገር አፌ ላይ አልመጣ።
ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ።
ከታች የበረዶው ፋብሪካ፣ ለጀልባዎቹ ቀን ከሌት የሚያጉረመርመው፣
አሥራ አንድ ዓመት ጎኑ ቆሜ አንድ ቀን ሰምቼው የማላውቀው፣
ከነናፍጣ ሽታው ክፍላችንን ሞላው።
ነፋሱ ካርዴን ገለበጠው። ዴንዝል አነበበው።
ምንም አላለም።
ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።
«እሺ» አለ፣ «አሁን ጠይቂኝ።»

ሐሙስ ነው። ዶክተር ታምብሊን ጆሮዋን አስጠጋች፦
«ይኼ ጉርምርምታ ምንድነው? ቀረጻው ተበላሽቷል» አለች።
መስኮቱን ነገርኳት።
ዝም አለች።
ከልማድ የተነሣ መቁጠር ጀመርኩ፤
አራት ላይ ተውኩት።