የዝንብ ጥላ

ኮትካ፣ በኅዳር፣ ገና በዘጠኝ ሰዓት ይመሻል፤
ከወደቡ ጥግ የቤተ መጻሕፍቱ መብራት በረዶ ላይ ይፈስሳል።
ሲርካ ሌህቶነን መነጽሯን ጠርጋ ተቀመጠች፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወረቀት ስትፈትሽ የኖረች—
አውራ ጣቷን ሰዳ፣ ብርሃን ላይ ዘርግታ፣
ደጉን ከክፉው በእርሳስ ለይታ።
ዛሬ ካሜራ ቆሟል በሷ ቦታ።

"የተካኝ ዓይን በምን ያያል?" ብላ
ተመዘገበች፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በነጻ፣ አሥር ክፍል።
የመምህሩ ድምፅ ሳል የለው፣ ድካም የለው፤
"አልገባኝም" ስትል ያንኑ ይደግማል፣
አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል።

ክፍል ሰባት። መልመጃ። የወረቀት ፎቶግራፎች።
"ቀዳዳ ነው ወይስ ደህና?"
ከጥጉ የእርሳስ ምልክት፤ የገዛ እጇን አየችና
ዝም አለች።
"ደህና" የሚለውን ነካች።
ቀይ በራ፤ "ተሳስተዋል፤ ቀዳዳ ነው" አላት።
ካሜራው የተሞከረ ዕለት እሷ እዚያው ነበረች፤
የዝንብ ጥላ ነው፤ ራሷ ናት እፍ ብላ ያባረረቻት።

በመጨረሻ፣ "ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡናል?"
ጠቋሚው ብልጭ ይላል፤ ይጠብቃል።
በአውራ ጣቷ መስታወቱን ዳሰሰች፤
ልስልስ ነው፣ እንከን የለው፣ ለጣት የሚነግረው የለው።
ሦስት ሰጠች።
ከሥሩም ጻፈች፦
"መምህሩ ትጉህ ነው።
ክፍል ሰባት ላይ ያለችውን ዝንብ ግን ልቀቋት።"