ውሉ

ሊትሪም ላይ ዝናቡ ማንንም አይጠይቅ፣
ባለቤት ያለውን ከሌለው አይለይ፣ በጣሪያው ላይ ሲወድቅ።

ከድልድዩ ማዶ አርባ ሁለት ቤት አለ፤
በአንዱም ጭስ የለ።
መስኮት የገባለት፣ በር ያልተገጠመ፣
መንገዱ ሳይነጠፍ መብራቱ የቆመ፤
ለማን እንደሚያበራ ማንም ሳይነግረው
ሌሊቱን በሙሉ ጭቃ እያሳየ ነው የሚያድረው።

ፊንባር ነው የለሰነው፣ ያንን ሁሉ ግድግዳ።
የመጨረሻው ደመወዙ እስከ ዛሬ ያልተከፈለ፤
ተቋራጩ “ባንኩን” አለው፣ ባንኩ “መንግሥትን ጠይቅ” አለ፣
መንግሥትም ጣቱን ቀሰረ፣ ብራስልስ ወዳለ እንግዳ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ትምህርት ቤቱ ለልጆች ተዘግቶ ለመራጭ ተከፍቷል።
ሚስቱ በሕፃናት ወንበር፣ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ፣
ስም እያነበበች በማስመሪያ ትሰርዛለች።

አሱምፕታ ትባላለች፣ በእኛ አፍ ፍልሰታ፤
በእመቤታችን ዕርገት ቀን ነው የተወለደች፣ ማታ።
እናቷ ሰማዩን አስባ ነበር፤ ስሙ ግን ወደ ምድር ዞረ፤
ትልቁ ልጇ ካናዳ፣ ከበረዶ ጋር ቀረ።
ኦሽን ማክሰኞ ነው፣ ወደ ፐርዝ፤
ሻንጣው ዚፑ ተበላሽቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፣
አፉን ከፍቶ።

አምና ገንዘብ ነበር፣ አምና ኩራት ነበር፤
“እንቢ” ብለው ጻፉ፣ ግራ ገባው አህጉር።
ሃያ ስድስት አገር አንዲት ትንሽ ደሴት
ዘግታባቸው ቆሙ፣ እንደ እንግዳ በሌት።

ዘንድሮ ጥያቄው ያው ነው፤ የተለወጠው ኪስ ነው።
“እሺ ይበልጣል ከሺህ” ብለው ያሳደጉን ሰዎች
ሺው ሲያልቅ እሺ ከምን እንደሚበልጥ አልነገሩንም።

ሽማግሌው ታይግ ከበግ ገበያ መጣ፣ ቆቡ ውኃ ያንጠባጥባል።
“ይህን ውል አንብበሽዋል?”
“ሕጉ አይፈቅድልኝም።”
“ማንበቡን?”
ሰልፉ ሳቀ። እሷም ልትስቅ ነበር፣
ከታይግ ጀርባ ፊንባርን አየችው፣ እጁ ላይ ኖራ የለም፣
ስምንት ወር ሙሉ ንጹሕ የሆነ እጅ።

“ስም?” አለችው፤ ደንብ ነው።
“ፊንባር።”
“አድራሻ?”
ዝም አለ።
“ካንቺ ጋር” አለ ቆይቶ፣
ወረቀቱንም ይዞ ወደ መጋረጃው ገባ።
ምን እንደ መረጠ አልጠየቀችውም።
ሲወጣ ግን የድምፅ መስጫውን ስስ ጣውላ
በመዳፉ ዳሰሰው፣ እንደ ልማዱ፣
ልስን እንደሚፈልግ ግድግዳ።

ማታ ሳጥኑ ታሽጎ ሄደ።
እርሳሱ የታሰረበትን ክር ልትፈታ ብትጎትት ተተበተበባት፤
እንዳለ ኪሷ ከተተችው።

ቤት ስትደርስ ራዲዮኑ ስለ አውሮፓ ያወራል፣
ድምፁን የሰጠ ቤት ድምፅ የለውም።
ክሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።
“ውሉ ጠፋኝ” አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ኦሽን አነሳው። ወደ መብራቱ አስጠግቶ
ጫፉን ባንድ አፍታ አገኘና
የሻንጣውን አፍ አሰረበት።